እንግዳ ሆኜ ያደርኩበት ቤት

የሌላ ሰው አልጋ ሳነጥፍ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ ውስጥ ሆቴል ነው የምሠራው። አንሶላ በመወጠር ከእኔ ወዲያ አዋቂ የለም ባይ ነኝ። እንግዳ ሆኜ ሆቴል ያደርኩት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ገዳሪፍ።

አባቴ መተማ ታሞ ነበር። ገዳሪፍ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደውሎ «ነይና አብረን እንሻገር» ሲለኝ በማግስቱ ተሳፈርኩ። ከአገር ስወጣ አባቴን ሳልሰናበት ነው የወጣሁት፤ ተቀይሞኛል። ባለፈው ዓመት በስልክ ይቅርታ ብጠይቀው «ስትመጪ እንነጋገራለን» ብሎ ዘጋብኝ። ስለዚህ መንገዱን ሙሉ የጸለይኩት በሕይወት ሳለ እንድደርስበት ነበር፤ ሌላ ምንም አልለመንኩም።

ወንድሜ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ፤ ወደ ቤቱ ግን አልወሰደኝም።

«ቤቱ በናዝሂን ሞልቷል፤ ከካርቱም ጦርነት ሸሽተው የመጡ ናቸው። እግር መዘርጊያ የለም። ዛሬ እዚህ እረፊ፣ ጠዋት እንሄዳለን» አለና የተሳፈርንበትን ባለ ሦስት እግር ራክሻ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት በር ላይ አስቆመው።

ቤቱ ድሮ የአንድ ግሪካዊ የሰሊጥ ነጋዴ መኖሪያ ነበር አሉ። አሁን ስምንት ክፍል ያላት ቆንጆ ሆቴል ሆናለች። ግድግዳዋ ወፍራም፣ ጣሪያዋ ሩቅ፣ ወለሏ ባለ አበባ ንጣፍ ነው። ወንድሜ ለእኔ ይህን ያህል ማሰቡ፣ አልዋሽም፣ አኮራኝ።

እሱ ሲሄድ መጀመሪያ ያደረግኩት አልጋውን አፍርሼ እንደገና ማንጠፍ ነው። ያነጠፈው ሰው የአንሶላ ጥግ አያያዝ አያውቅም። ከዚያ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከሰላ ከአራት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ነው የምኖረው፤ አንዷ ስታንኮራፋ ሌላዋ ትሰድባታለች፣ በዚያው እንስቃለን። እዚህ አንሶላውን አብሮኝ የሚያማ ሰው እንኳ አጣሁ። ግድግዳው ላይ የነጋዴው ቤተሰብ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ልጆቹን ብቆጥር ሰባት ናቸው። ሁሉም አባታቸውን ከበው ቆመዋል። ቀናሁባቸው።

በረንዳው ላይም የሚያጫውት አልነበረም። ሆቴሉን የሚጠብቁት ሱዳናዊ አዛውንት «ተፈደሊ ያ ቢንቲ»፣ እንኪ ልጄ፣ ብለው ሻይ አስቀመጡልኝና ቀና ብለው ሳያዩኝ ተመለሱ። የተናቅሁ መሰለኝና አኮረፍኩ። የወንድሜ ሚስት ብቻ ሦስት ጊዜ ደወለች።

«እህል ቀመስሽ?»

«ሙሽራ አደረጋችሁኝ እኮ! አባቴስ እንዴት ዋለ?»

«አንቺ ብቻ ብዪ፣ እታለም።»

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ ሦስት የአገራችን ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ሰው በማለዳ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳው ለምን እንደሆነ በአገሬ ልጅም ያውቃል። እኔ ግን ሊሸኙን የመጡ መሰለኝ። ወንበር ባለመኖሩ አፍሬ «አልጋው ላይ ተቀመጡ» አልኳቸው። ማንም አልተቀመጠም።

ሽማግሌው እጄን ያዙ። «ልጄ፣ አባትሽ ዛሬ ሣልስቱ ነው።»

አባቴ ያረፈው ወንድሜ በደወለልኝ ዕለት ነው። በዚያው ቀን መተማ ተቀብሯል። የወንድሜን ቤት የሞላው ተፈናቃይ ሳይሆን ለቀስተኛ ኖሯል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻም አይሰማም፤ ስለዚህ ሰው እስኪሰበሰብ፣ እኔም እህል እስክቀምስ ደበቁኝ። አዛውንቱ ጠባቂ እንኳ ያውቁ ነበር። በዚያ ከተማ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከጩኸቴ ስመለስ የወንድሜን ደረት መታሁት። «ስትመጪ ብሎኝ ነበር! ስትመጪ ብሎኝ ነበር እኮ! ለምን አልነገርከኝም?»

እጄን አልያዘም። «ብቻሽን አውቶቡስ ውስጥ ሆነሽ ልትሰሚው ነው? ከደረስሽ በኋላ ደግሞ አፌ እምቢ አለኝ። አንዲት ሌሊት እንኳ አባት ኖሮሽ ተኚ ብዬ ነው» አለና እሱም አለቀሰ።

ያን ሌሊት ግን አልተኛሁም ነበር። ለአባቴ የምለውን ስለማመድ፣ «አባቴ ይቅር በለኝ» የሚለውን ከየት እንደምጀምረው ሳወጣ ሳወርድ ነው የነጋው። ይህን ለወንድሜ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ተኝታለች ብሎ ይጽናና።