መትረየስ ጊታር ስትማር

በመሥሪያ ቤታችን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም "መትረየስ" ነበር የምንላት። ታይፒስት ነበረች። የጽሕፈት መኪናዋ ፊት ስትቀመጥ ድምፁ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማ ነበር። እኔ መዝገብ ቤት ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኗ ሠርቻለሁ፤ "ቶሎ በይ እንጂ!" ሳትለኝ የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። ደረጃ ስትወጣ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነው፤ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን ትሰጣለች።

ጡረታ ስትወጣ ጣቶቿ ግራ ገባቸው። የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እሳቸውም ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ሁለቱም ባሎቻቸው ከሞቱባቸው በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተጠቃለሉ። እሷ ቁጭ ባለች ቁጥር ጠረጴዛውን በጣቷ ታንኳኳለች። እህትየው ይቆጣሉ፦ "ኧረ እነዚያን ጣቶች አንድ ሥራ ስጫቸው!"

ከሕንጻው ሥር አንድ ጸጉር አስተካካይ አለ። ደንበኛ ሲጠፋ ከግድግዳው ላይ ጊታር አውርዶ ይጫወታል። አንድ ቀን ጠዋት የሽንኩርት ፌስታሏን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች።

"ማስተማር ትችላለህ?"

"እችላለሁ። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ልጁ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው።"

ሰውየው መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ ጣቶቿን አየ። "ይግቡ፣ እማማ።"

"እማማ ካልከኝማ አልገባም!"

"እሺ፣ ተማሪዬ፣ ይግቡ።"

የመጀመሪያው ትምህርት የግራ እጇን ጥፍር መቁረጥ ነበር፤ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ራሱ ቆረጠላት። ከዚያ ሆዱ ላይ ተሰንጥቆ በሙጫ የተያያዘ አሮጌ ጊታር አዋሳት። ክሩ ጣቶቿን እያሳበጠ ትኩስ ብርጭቆ መያዝ አቃታት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ደወለችልኝና "ቆዳዬ ደነደነ!" አለችኝ፤ ሹመት ያገኘች ነበር የምትመስለው።

ችግሩ ጣቶቿ አልነበሩም። ጣቶቿ ቦታቸውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ችግሩ ጥድፊያዋ ነበር። ዘፈኑ ገና ደጃፍ ላይ ሳለ እሷ ጓሮ ደርሳ ትጠብቀዋለች።

"የሚያባርርዎት ሰው አለ?" ይላታል አስተማሪዋ።

"የለም።"

"ታዲያ ወዴት ነው የሚሮጡት?"

ቤትም ሰላም የለም። እህቷ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ እሷ ክሩን መምታት ትጀምራለች። "ጡረታ የወጣሁት ከጩኸት ልገላገል ብዬ ነበር፤ ይኸው ምጥ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ" ይላሉ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እትዬ።"

"ያንቺ እንቁላል ሳይፈለፈል ነው የሚሮጠው!"

በአምስተኛው ወር አስተማሪዋ ስትጫወት በስልኩ ቀዳና አሰማት። እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ይሄ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት።"

ጊታሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ያን ዕለት ደውላልኝ "በስተርጅና መሳቂያ ሆንኩ" አለችኝ። እኔም ማጽናናቴ ነው ብዬ "መቼም ሞክረሻል" አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዘጠኝ ቀን ቤቱ ጭር አለ። በአሥረኛው ቀን እህትየው፣ ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ብቻቸውን ደረጃ ወርደው የማያውቁት ሴትዮ፣ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። ጸጉር አስተካካዩን "የእህቴን ዕቃ አምጣ" አሉት። ተሸክሞ ሊያደርስላቸው ቢነሳ "አንተ ደንበኛህን ላጭ!" ብለው ከለከሉት። ጊታሩን በነጠላቸው እንደ ሕፃን አዝለው፣ በየፎቁ እያረፉ ሦስተኛው ፎቅ ደረሱ።

"እትዬ! ምን ሆነሽ ነው?"

"እንቅልፍ አጣሁ። ስትንጫጪ ተኝቼ ነበር የምውለው። ዝም ካልሽ ወዲህ ቁጭ ብዬ አንቺን ሳይ እውላለሁ።"

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቀው ከኋላዋ ተቀመጡና መዳፋቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ።

"ሳዋልድ ታስቸግረኝ የነበረችው ግፊ ሳልላት የምትገፋዋ ናት። አሁን አትጫወቺ። መጀመሪያ ተንፍሺ። ወደ ውስጥ... ያዢው... በይ ልቀቂው። ስትለቂው አንዴ ምቺ።"

አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ምት። ቸኮል ስትል የእህቷ መዳፍ ጫን ይላታል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አራት ኮርድ፣ አራት የጣት አያያዝ ብቻ፣ ሲደጋግሙ ዋሉ። "ከልጅነቴ ወዲህ ማንም ጀርባዬን እንደዚያ ይዞኝ አያውቅም" ብላኛለች በኋላ። "እንባዬ መጣ፤ ግን ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ነበር።"

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት "ነይ" ብላ ጠራችኝ። ጸጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ ከእህትየው ጎን ተቀመጥኩ። ወንበሩ ላይ ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነ ሰው አለ። እሷ ጊታሩን አቅፋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ትከሻዋ ከፍ ብሎ ሲወርድ አየሁት። ያኔ ጀመረች።

እኛ ወጣት ሳለን የምናውቀው የስንብት ዘፈን ነበር። እህትየው በለሆሳስ ተከተሏት፣ ግጥሙን ግማሹን እየሳቱ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጣቷ ተንሸራቶ ክሩ አጓራ። አበቃላት፣ አልኩ በልቤ። እሷ ግን አንዴ ተነፈሰች፤ ዘፈኑ እስኪደርስባት ጠበቀችውና አብራው ሄደች።

ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን እንዳነሳ ቀርቷል።

"ወንድሜ፣ አረፋው ደረቀብኝ እኮ" አለ ሰውየው።

"ትንሽ ይታገሱ፤ አልጨረሱም።"

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። አሁን ሰባት ዘፈን ትችላለች። ሰኞ ሰኞ ጸጉር ቤቱ ስለሚዘጋ አስተማሪዋ ራሱ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል፤ እህትየውም ግጥሙን "ድሮ እንዲህ ነበር የሚባለው" እያሉ ከሁለቱም ጋር ይሟገታሉ። ባለፈው ሰኞ እኔም ነበርኩ። አዲስ ዘፈን ጀምረዋል፤ ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ናቸው።