ላይኛው ሰፈር አውቶቡስ የገባ ጊዜ

ስምሪት ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ ወደ ሾፌሮች ማረፊያ ክፍል ሲገባ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር።

"ወደ ላይኛው ሰፈር አዲስ መስመር ተከፍቷል። ሰኞ ይጀምራል። ማን ይወስደዋል?" አለ።

አንዱ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ሌላው ጣሪያውን ገና ዛሬ እንደተሠራ ሁሉ አንጋጦ ያየው ገባ። ሦስተኛው ጥርሱን አመመው።

"እኔ!" የሚል ድምፅ የመስኮቱን መስታወት አንቀጠቀጠው።

ማን እንደተናገረች ለማየት የዞረ ሰው የለም። በአውቶቡስ ዴፖው ውስጥ እንዲህ ያለ ጉሮሮ ያላት አንዲት ሴት ብቻ ናት። በዚሁ ጉሮሮዋ ምክንያት እናቷ ያወጣችላት ስም ከተረሳ ቆይቷል፤ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ "ጡሩምባ" ነው የሚሏት። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። አሥራ አንዱን ዓመት ከባቡር ጣቢያው እስከ ሳሙና ፋብሪካው በሚመላለሰው መስመር ላይ ፈጅታዋለች፤ ሜዳ ለሜዳ፣ አንድ ኩርባ እንኳ የሌለው መንገድ።

"ጤና የለሽም እንዴ? ሰዎቹ እኮ አውቶቡስ አንፈልግም ብለው ፈርመዋል!" አላት ጥርሱን ያመመው ሾፌር።

እውነቱን ነው። የነዋሪዎቹ ደብዳቤ ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ጫጫታ ይበዛብናል፣ አቧራ ይነሳብናል፣ የማናውቀው ሰው ይገባብናል ይላል፤ ከሥሩ ስልሳ ሁለት ፊርማ። ከሾፌሮቹ አንዱ በየፊርማው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ዘውድ ደፍቶበታል።

ስለ ላይኛው ሰፈር ሰዎች ዴፖው የማያውቀው ነገር አልነበረም። ውሾቻቸው በሞቀ ውሃ ይታጠባሉ። ልጆቻቸው ዝናብን የሚያውቁት በመስታወት ነው። ባልና ሚስት እንኳ እንደምን አደርክ የሚባባሉት በቀጠሮ ነው። ከዚህ ወሬ ግማሹን ያመጣችው የጡሩምባ ታናሽ እህት ናት፤ እዚያ ሰፈር ስምንት ዓመት ወጥ ቤት ሆና ሠርታለች። ግማሹን ደግሞ ሰው ከራሱ ጨመረበት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አይደል የሚባለው።

ጡሩምባም ብትሆን የራሷ ቂም አላት። በልጅነቷ እናቷ የተኮሰችውን ልብስ ተሸክማ እዚያ ዳገት ብዙ ጊዜ ወጥታለች፤ ከበሩ ያለፈችበት ቀን ግን የለም። "አሁን በመንግሥት መኪና፣ በመንግሥት ነዳጅ፣ በፊት ለፊት እገባለሁ" አለች ለእህቷ፣ በዚያው ምሽት። እንደ ልጅ እጇን እያፋተገች ነበር።

ሰኞ ማለዳ አውቶቡሱን ስትረከብ ሁለት ጊዜ ዞረችው። አዲስ ነው! በሩ ቁልፍ ሲጫኑት ይከፈታል፤ መቀመጫው ገና ላስቲኩ አልተገፈፈም። ትኬት ቆራጩ፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ቀልደኛ ሰውዬ፣ "እኔስ ቁጭ ብዬበት እንዳላበላሸው ፈራሁ" አለ።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ፌርማታው ላይ ከአርባ በላይ ሰው ተሰልፏል። ወጥ ቤቶች፣ ዘበኞች፣ አትክልተኞች፣ ሞግዚቶች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በየማለዳው አርባ ደቂቃ ሙሉ ዳገቱን በእግራቸው ሲገፉ የኖሩ ናቸው። ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ እህቷ ቆማለች።

"እህቴ ናት! የምትነዳው እህቴ ናት!" እያለች ላወቀችውም ላላወቀችውም ትናገራለች።

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ዳገቱን ጀመረ። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የመጀመሪያውን ኩርባ ዞረ፣ ሁለተኛውን ዞረ። ሦስተኛውን ሲጨርስ ከኋላ አንድ ዘበኛ ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ ሁሉም ተቀበለው። ጡሩምባ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ ተጨብጭቦላት አያውቅም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ መንገዱን ማየት ስላለባት ቶሎ ቶሎ ዓይኗን እያርገበገበች ገታችው።

ላይ ሲደርሱ መንገዱ ሰፊ ነው፤ ዛፎቹ ግራና ቀኝ ተቃቅፈው ጥላ ሠርተዋል። መግቢያው ላይ አንድ ሰሌዳ ተተክሏል፤ "ጡሩምባ ማሰማት ክልክል ነው።"

"ጉድ ፈላ!" አለ ትኬት ቆራጩ። "ገና ሳትመጪ በስምሽ ጠርተው ከልክለውሻል!" ሳቁ ገድሎት ትኬቱን ከእጁ በተነው።

ችግሩ የመጣው ሲመለሱ ነው። ሰው አራግፎ ወደ ታች የሚወርደው አውቶቡስ ባዶ ነበር። ማክሰኞም ባዶ፣ ረቡዕም ባዶ። ከየአጥሩ ጀርባ መጋረጃ ገለጥ ይልና መልሶ ይከደናል። ሐሙስ ቀን አንድ ቱታ የለበሰ ሰው ከበሩ ወጥቶ፣ በቆመው አውቶቡስ ዙሪያ ዞሮ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳና ተመልሶ ገባ።

"የሰሌዳ ቁጥራችንን ነው ያነሳው። ሊከሰን ነው" አለች ጡሩምባ።

"ይክሰስ። ሁለታችን ነን ያለነው፤ ምስክር እንኳ የለበትም" አለ ትኬት ቆራጩ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ጡሩምባ አንዲት አሮጊት ፌርማታው ላይ ቆመው አገኘች። ግራጫ ኮፍያ፣ የእጅ ጓንት፣ በአንገታቸው ሉል። ጡሩምባ በሩን ከፈተች። ሴትዮዋ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ቀና አሉ።

"ይህ አውቶቡስ ነው?"

"ሌላ ምን ይመስላል፣ እትዬ?"

"የት ነው የምቀመጠው? የሰው ቦታ እንዳልይዝ ብዬ ነው።"

"እትዬ፣ ዛሬ አውቶቡሱ በሙሉ የእርስዎ ነው። ደስ ባለዎት ይቀመጡ።"

ልክ ከጋቢናው ጀርባ ተቀመጡ። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ ብረቱን በሁለት እጃቸው ያዙና "ኧረ!" አሉ፤ ድምፃቸው ግን የፍርሃት አልነበረም። ሁለተኛውን ኩርባ ሲዞሩ ወደ ጋቢናው ጠጋ ብለው እንዲህ አሉ፤ "ልጄ፣ ልንገርሽና ይውጣልኝ። ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ፊርማ የኔ ነው።"

ጡሩምባ ፍሬን ልትይዝ ምንም አልቀራት። "እና ምነው መጡ ታዲያ?"

"ወንዱ ልጄ የመኪናዬን ቁልፍ ቀማኝ። አጥሩን ገጨሽ ብሎ ነው፤ አጥሩ እኮ የራሴ ነው! ከቤት ካልወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ጠላቴ በየግማሽ ሰዓቱ በደጄ ያልፋል፤ እኔ መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። እስከ መቼ ሰላም ሳልለው እኖራለሁ?"

ጡሩምባ ከት ብላ ሳቀች። በዚያ ድምፅ ስትስቅ እንዴት እንደሚሆን አስቡት፤ አሮጊቷም አብረዋት ሳቁ። ገበያ ወርደው፣ ቤተ መጻሕፍት ገብተው፣ እኩለ ቀን ላይ በብርቱካን የተሞላ ዘንቢል ይዘው ተመለሱ። ጉንጫቸው ቀልቷል። "ነገም በአራት ሰዓት ነሽ?" "በአራት ሰዓት ነኝ።" "እንግዲያውስ እኔም አለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ስማቸው በአውቶቡሱ ላይ እትዬ ባለኮፍያ ሆነ።

ነገሩ ለሁሉም አልጣመም። ወጥ ቤቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገበያ ሲወርዱ የኋላውን ወንበር ይዘው አሠሪዎቻቸውን ማማት ልማዳቸው አድርገውት ነበር። አንድ ቀን የጡሩምባ እህት፣ ፊት ያለው ማን እንደሆነ ልብ ሳትል፣ "አንዷ አለችላችሁ፣ አበባ ስታጠጣ እንኳ ኮፍያ የምትደፋ። ለአበባው እንዳታፍር ነው መሰል" አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእትዬ ባለኮፍያ ጆሮ ግን በዚያ ቀን ባለቤቱን አልከዳም። ቀስ ብለው ዞሩ።

"ኮፍያው እውነት ነው፣ ልጄ። አበባ የማጠጣው ግን በዚህኛው አይደለም፤ በገለባው ነው።"

እህትየው መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ማታ ግን እፍረቷ ወደ ቁጣ ተለውጦ እህቷ ቤት ገባች።

"ቀኑን ሙሉ 'እሺ እመቤቴ፣ እሺ ጌታዬ' ስንል የምንውል ሰዎች ነን! የምንተነፍስባት እዚያች ወንበር ላይ ነበር። አሁን እነሱም ተሳፈሩ። የት ሄደን እንማቸው?"

እህቷ እውነት አላት።

የሆነው ሆኖ ሌሎችም መጡ። ፒያኖ የምታስተምር ሴት መጣች። ከዚያ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው በየቀኑ መሳፈር ጀመረ፤ ደጁ ላይ ካለው ፌርማታ ሳይሆን ሁለት ፌርማታ በእግሩ ወርዶ። ጡሩምባ በውስጥ መስታወቱ ደጋግማ አየችው። ባለ ቱታው ነው!

"እኛን ሊከሱ ፎቶ ያነሱት እርስዎ አይደሉም?" አለችው አንድ ቀን፣ ሳታስበው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሰውየው ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያነሳሁት በአውቶቡሱ ጎን የተለጠፈውን የሰዓት ሰሌዳ ነው። መኪናዬን ሸጬያታለሁ። ለጎረቤት ጋራዥ ገብታለች ብያለሁ።"

"መቼ ገባች?"

"ስድስት ወሯ።"

"ምን ዓይነት መካኒክ ነው!" አለ ትኬት ቆራጩ፤ ሰውየው ራሱ ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

እንዲህ እያለ ሁለት ወር ሄደ። አንድ ዓርብ ስምሪት ኃላፊው ጡሩምባን ቢሮው ጠራት። የነዋሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ሌላ ደብዳቤ አስገብታለች፤ አውቶቡሱ ባዶውን እየወረደ ነዳጅ ያባክናል የሚል። "ረቡዕ ተሳፋሪ ቆጣሪ ይመጣል" አላት። "በረፋዱ የአራት ሰዓት ጉዞ ከላይኛው ሰፈር ሃያ ሰው ካልተሳፈረ መስመሩ ይዘጋል።"

በአራት ሰዓት ወጥ ቤቱ ምድጃ ላይ ነው፣ ዘበኛው በር ላይ ነው። ሊቀመንበሯ ሰዓቷን አውቃ ነው የመረጠችው። ጡሩምባ ነገሩን ለእትዬ ባለኮፍያ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ጓንታቸውን አውልቀው በጣታቸው ቆጠሩ።

"እኔ አንድ። ፒያኖ አስተማሪዋ ሁለት። ያ መኪናው ጋራዥ የገባችበት ሰው ሦስት።"

"ያውቃሉ እንዴ?"

"ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ ነው የማያውቀው። አሥራ ሰባት ይቀሩናል ማለት ነው።"

"ረቡዕ ነው እኮ የሚመጣው፣ እትዬ!"

"ታዲያ ምን አለ? ያንን ስልሳ ሁለት ፊርማ የለቀምኩት በሁለት ቀን ነው። በየቤቱ የትኛው ደወል እንደማይሠራ ሳይቀር አውቃለሁ።"

ረቡዕ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራ አለ። ጡሩምባ "አለቀልን፤ በዚህ ዝናብ ማን ይወጣል" እያለች ዳገቱን ወጣች። ቆጣሪው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ከላይ ዞራ ወደ መጀመሪያው ፌርማታ ስትጠጋ የመስታወት መጥረጊያው ግራ ቀኝ እያለ አንድ ነገር አሳያት፤ ጃንጥላ፣ በጃንጥላ ላይ ጃንጥላ! እትዬ ባለኮፍያ አምስት እኩዮቻቸውን እንደ ጭፍራ አሰልፈው ቆመዋል።

"ስድስት" አለ ቆጣሪው።

ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ፒያኖ አስተማሪዋ ከሦስት ተማሪዎቿ እናቶች ጋር ገባች። ሦስተኛው ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ከተማሪነታቸው ወዲህ አውቶቡስ ረግጠው የማያውቁ፣ "አሁንም በር ላይ መንጠልጠል ይፈቀዳል?" ብለው ጠየቁ፤ ሲከለከሉ ቅር አላቸው። ከኋላቸው ሰባት ሰው ተከተለ። "አሥራ ስምንት" አለ ቆጣሪው። በላይኛው ሰፈር የቀረው አንድ ፌርማታ ብቻ ነው፤ ከሊቀመንበሯ በር ፊት ለፊት ያለው።

ሊቀመንበሯ በረንዳዋ ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ከመንገዱ ማዶ፣ ሁለት ፌርማታ ወርዶ ሳይሆን በራሱ ደጅ፣ ባለ ሙሉ ልብሱ ሰው ዝናብ እየመታው ይጠብቃል። ቀና ብሎ ሊቀመንበሯን አየ፣ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ሰጣት፣ ገባ።

"አሥራ ዘጠኝ።"

ጡሩምባ በሩን ሳትዘጋ ቆየች። ቆጣሪው ሰዓቱን አየ። "እንሂድ እንጂ" አለ። እጇ ቁልፉ ላይ ሳለ የሊቀመንበሯ የጓሮ በር ተከፈተና አንድ ወፍራም ሰውዬ በነጠላ ጫማ፣ ጋዜጣ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ፣ ኩሬውን እየዘለለ ሮጦ መጣ። ባሏ ነው!

"አትሂዱ! አትሂዱ!"

ዘሎ ገባና ወንበር ላይ ዘፍ አለ። "ለአንድ ሰዓት ማንም የማያዘኝ ቦታ ልቀመጥ ብዬ ነው" አለ እያለከለከ።

"ሃያ!" አለ ትኬት ቆራጩ፣ ቆጣሪውን ቀድሞ። አውቶቡሱ በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ ዳኛው ወንበሩን በከዘራ ደበደቡት፣ እትዬ ባለኮፍያ ኮፍያቸውን ወረወሩት፣ ጡሩምባ የጮኸችው ጩኸት ታች ገበያ ድረስ ተሰማ ይላሉ።

መስመሩ አልተዘጋም። በዓመቱ እንዲያውም ሁለተኛ አውቶቡስ ተጨመረ፤ ጥርሱን አሞት የነበረው ሾፌር ቀድሞ እጁን አወጣ። ሊቀመንበሯ እስከ ዛሬ አልተሳፈረችም፤ ጡሩምባንም ሰላም ብላት አታውቅም። ሁሉም ሰው ይለወጣል ያለ ማነው?

የጡሩምባ እህትና እትዬ ባለኮፍያም ቢሆኑ ወዳጅ አልሆኑም። አሁን ግን በግልጽ ይጣላሉ። ባለፈው ሳምንት አሮጊቷ ዘንቢላቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው እህትየው ቆመች።

"እትዬ፣ ዘንቢሉ ትኬት ቆርጧል?"

"እንቁላል አለበት፣ ልጄ።"

"እኔም አጥንት አለብኝ።"

አሮጊቷ እያጉረመረሙ ዘንቢሉን አንስተው አቀፉት። እህትየው ተቀመጠች። ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች፣ "እንቁላሉን ከማን ነው የገዙት? አታለውዎታል፤ ትንንሽ ነው" አለች። ከዚያ እስከ ዳገቱ ጫፍ ድረስ በእንቁላል ተከራከሩ።