ደምለው የሰቀላቸው ዲስኮች

አባቴ ደምለው ገንዳ ውሃ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የብየዳ ቤት ነበረው። ባለፈው ሐምሌ ወባ ገደለው። በለቅሶው ላይ ብዙ ሰው የእጁን ሙያ አነሣ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የማረሻ ዲስክ ሰቅሎ እንደማያውቅ ግን ማንም አልተናገረም። ምክንያቱን፣ ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ፣ እጽፈዋለሁ።

በእኛ ቆላ የትራክተር ማረሻ ዲስክ ቢያረጅም አይጣልም። ከዛፍ ላይ በሰንሰለት ይሰቀልና ምሳ ሲደርስ በብረት ይመታል። ሳሉግ የምንላቸው የወቅት ሠራተኞች ከሰሊጡ መሀል ቀና ብለው ድምፁ ወደመጣበት ይሄዳሉ። አዲስ የመጣ ደገኛ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው ይህንን ነው። በአካባቢው እርሻዎች ካሉት የምሳ ደወሎች አብዛኞቹን የሰቀለው አባቴ ነበር።

በ1996 ክረምት፣ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ዳር እርሻ ያለው አንድ ባለሀብት ለጥበቃዎቹ የተኩስ መለማመጃ እንዲሠራለት ጠየቀው። አዝመራ ሲደርስ ሽፍታ ይመጣል። ዒላማው ያው ያረጀ ዲስክ ነው። አባቴ መጀመሪያ እንደ ምሳ ደወሉ አድርጎ፣ ሰንሰለቱን ከፊት አንጠለጠለው። ጥይቱ ሰንሰለቱን እየበጠሰ፣ የቡሎኑን ዳዶ እየላጨ፣ ዲስኮቹን መሬት ላይ ዘረገፋቸው።

"ደምለው፣ ዒላማ ነው ወይስ የበሰለ ማንጎ የሰቀልህልን?" አለው የጥበቃዎቹ አለቃ ጀይሉ።

ቀጥሎ በመኪና ጎማ ቁራጭ ሰቀላቸው። ጥይት ጎማውን በስቶ ያልፋል እንጂ ቶሎ አይበጥሰውም። መውደቁ ቀረ፤ ድምፁም አብሮ ታፈነ። ጥበቃዎቹ መምታታቸውን ለማወቅ እየሄዱ ማየት ነበረባቸው።

"እንዲህማ ከሆነ ግንድ ላይ ብንተኩስ ምን ነበረበት?" አለ ጀይሉ።

አባቴ ሥራው ሲነቀፍ እህል ከጉሮሮው አይወርድም። ዲስኮቹን አወረደና እንደገና ጀመረ። የዲስኩን ጉብታ ወደ ተኳሹ አዞረ፤ ጎድጓዳው ከዞረ የጥይቱን ስብርባሪ ሰብስቦ ወደ ሰው ይመልሳል። ከፊት የሚታየው ድቡልቡል ያለ የቡሎን ራስ ብቻ ሆነ። ዳዶውና አጭሩ ሰንሰለት ከጀርባ ተደበቁ። ሰንሰለቱ ከኋላ ስለያዘው ዲስኩ አናቱ ወደ ፊት ዘንበል ይላል፣ የተፈረካከሰው እርሳስም ወደ መሬት ይረግፋል። ዲስኮቹ የተሰቀሉበትን ቧንቧ በወፍራም ብረት ከለለው። ቡሎኑን ጥርቅም አድርጎ አላሰረውም፤ ትንሽ ሲላላ ብረቱ ድምፅ ያወጣል።

"ኸላስ" አለ ሲጨርስ፣ እንደ ሱዳን ነጋዴዎቹ። ከዚያ ወዲያ አንድም ዲስክ አልወደቀም። ሲመታ እስከ ሠራተኞቹ ካምፕ ድረስ ይሰማ ነበር።

ዘሩ በየዓመቱ ከጎጃም ለአጨዳ የሚመጣ ሠራተኛ ነው። ገንዳ ውሃ ሲደርስ የሚያርፈው አባቴ ዘንድ ነበር።

"ጋሼ፣ ደወልዎ ተመትቶ ከሁሉ ቀድሜ ካልደረስሁ ታሟል ይበሉኝ" ይላል።

"አንተማ ገና ሊጥ እያለ ትደርሳለህ" ይለዋል አባቴ።

በዚያ አዝመራ ዘግይቶ፣ በጥቅምት 1997 መጣ። አባቴ ለሥራ አብርሃ ጅራ ሄዶ ስለነበር አልተገናኙም። ዘሩ በጭነት መኪና የዚያ ባለሀብት እርሻ እንደደረሰ ከማሽላው ዳር ያለውን ሰሊጥ እንዲያጭድ ተመደበ። የተኩስ መለማመጃ መኖሩን ሌሎቹ ያውቃሉ፤ ለእሱ የነገረው የለም። ተኩሱንማ ሰምቷል። በቆላ ተኩስ ሁልጊዜ አለ፤ ጥበቃ ከርከሮ ያባርርበታል። ዲስክ ግን የሚመታው ለምሳ ነው።

አጠገቡ ያጭድ የነበረው ሰው እንደነገረኝ፣ ዘሩ ማጭዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ "ዛሬስ ቀደም አሉ፣ ደግ ሰዎች ናቸው" ብሎ ተነሣ። ሰውየው ደወል አለመሆኑን ሊነግረው ሲጣራ ዘሩ ማሽላው ውስጥ ገብቷል። ማሽላው ከሰው ቁመት ይበልጣል። የወጣው ከዲስኮቹ ፊት ነው።

አባቴ የዘሩ ሞት ሲነገረው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ሰንሰለቱ ይዞ ነበር?"

ይዞ ነበር።

በኅዳር የዘሩ እህት አገኘሽ ከጎጃም መጣች። ያኔ ገንዳ ውሃ መዝገብ ቤት እሠራ ስለነበር ወደ እርሻው የወሰድኋት እኔ ነኝ። አባቴ ዲስኮቹን እያወረደ ሳለ ደረስን። አንዱ ብቻ ቀርቶታል።

"ጋሼ፣ ወንድሜ የሰማው ይህንን ነው?"

"ይህንን ነው ልጄ።"

"እስቲ ያሰሙኝ።"

"ይቅርብሽ።"

"ሬሳውን አላየሁ። ድምፁን እንኳ ልስማ።"

አባቴ መዶሻውን አንሥቶ አንድ ጊዜ መታ። ድምፁ ጥርት ብሎ በሜዳው ላይ ሄደ። ከሰሊጥ ክምሮቹ መሀል ጭንቅላቶች ቀና ቀና አሉ። አንዱ የያዘውን አስቀምጦ ተነሣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። አባቴ ዲስኩን በሁለት ክንዱ አቅፎ ድምፁን አፈነው። እነሱ ግን ሰምተዋል፤ ይመጣሉ።

አገኘሽ ሲመጡ እያየች ቆየች። ከዚያ ለመንገዷ የያዘችውን የዳቦ ቆሎ ስልቻ ፈታች።

"ከመጡማ ቀምሰው ይሂዱ" አለች።

ለእያንዳንዱ እየዘገነች ሰጠች። አባቴ ዘንድም ደርሳ የዘገነችውን ዘረጋችለት። እጁን ከዲስኩ ላይ ማንሣት አልቻለም፤ እሷም ቆማ ጠበቀችው።