ፀሐዬና የጋሼ ዱባለ እግር

በጃንሆይ ዘመን፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም አለፍ ብሎ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የጭቃ ግድግዳ ያላት አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። ሐኪሟ ከስኮትላንድ የመጡ ረጅም ሴት ናቸው፤ አማርኛቸው ከ«እንደምን አደራችሁ» አያልፍም። ስለዚህ የክሊኒኳ አፍ አስተርጓሚው ፀሐዬ ነበር።

ፀሐዬ ቃል ይወዳል። ሌላው ቴምብር ሲሰበስብ እሱ የእንግሊዝኛ ቃላትን ዘር ማንዘር ይሰበስባል፤ በሽተኛ በጎደለ ቁጥር ሐኪሟን «ይሄስ ከየት መጣ?» እያለ ያደርቃቸዋል። አንድ ቀን ተራው የ«ብሬክ» ሆነ፣ መስበር ማለት ነው። እንግሊዞች ቁርስን «ጾም መስበሪያ» ብለው እንደሚጠሩት፣ ሲነጋም «ቀኑ ተሰበረ» እንደሚሉ ሲነግሩት ፀሐዬ በሳቅ ፈረሰ።

«እናንተስ ሲነጋ ምን ትላላችሁ?» አሉት።

«ጎህ ቀደደ» ብሎ ቃል በቃል ተረጎመላቸው።

አሁን ደግሞ የመሳቁ ተራ የሐኪሟ ሆነ።

በራሱ ቋንቋ ግን ከፀሐዬ አፍ ክፉ ቃል አይወጣም። በኛ አገር የሞተ ሰው እንኳ ለዘመዱ መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ነው የሚባለው፤ እውነቱን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ያረዱታል። ፀሐዬ ያደገው በዚህ ደግነት ነው። ሐኪሟ «ከባድ ነው» ሲሉ እሱ «ቀላል ነው፣ አይዞዎት» ብሎ ይተረጉማል። ሰፈሩም «አፉ ማር ነው» ይለዋል። ማርም ሲበዛ እንደሚመር የታወቀው በጋሼ ዱባለ እግር ነው።

ጋሼ ዱባለ ከጋሞ ደጋ መጥተው ኮልፌ የከተሙ ሸማኔ ናቸው። በሁዳዴ ጾም ዝናብ ያላቆጠውን ቁልቁለት ሲወርዱ አድጧቸው ወደቁ፤ ጎረቤት ተሸክሞ አመጣቸው። ሐኪሟ እግራቸውን ዳሰው «ፍራክቸር» አሉ። አጥንቱ ተሰብሯል፣ በጀሶ ይታሰራል፣ እስኪገጥም ፈጽሞ እንዳይረግጡበት ብለው አስጠነቀቁ።

ፀሐዬ የሽማግሌውን ፊት አየ። ላብ አጥምቋቸዋል። አንጀቱ አልቻለም።

«ትንሽ ነካ አድርጎታል ጋሼ። ይቺ ነጭ ነገር ትደግፈዋለች። አረፍ ይበሉ፣ ይድናል።»

ጋሼ ዱባለ መርቀውት ሄዱ። ትንሽ ነካ ያደረገው እግር ደግሞ ለፋሲካ የታዘዘ ነጠላ ሁሉ እየጠበቀ አልጋ ላይ አይውልም። ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳያርፉ ከነጀሷቸው ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ገብተው መርገጫውን ረገጡ። ሲያማቸው «ትንሽ ነው ብሎኛል ልጁ» እያሉ ጥርሳቸውን ነከሱ።

ከፋሲካ በኋላ ጀሶው ሲፈታ እግሩ እንደ ዘመመ ምሰሶ ጎብጦ ወጣ። ሐኪሟ ጎንበስ ብለው ዳሰሱት። ቀጥሎ ወደ ፀሐዬ ዞሩ፤

«እንዳይረግጡ አልነገርካቸውም?»

ፀሐዬ አንገቱን ደፋ። ሐኪሟ አልጮኹበትም፤ ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። «ተጣሞ ገጥሟል» አሉ። «እንደገና ሰብረን ካላቃናነው ሸማ አይሠሩም። ንገራቸው።»

ሸማኔ ካልረገጠ ሸማኔ አይደለም። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ፀሐዬ ሐኪሟን ተከትሎ ወደ ጓዳ ገባ። «ለስለስ ያለ ቃል የለም?» አላቸው። «ያ ፍራክቸር የሚሉት ከብሬክ አይሻልም?»

ሐኪሟ እጃቸውን እየታጠቡ መለሱለት። «ብሬክ የገበሬ አባቶቻችን ቃል ነው። ፍራክቸር ከላቲን የመጣ ነው፤ እዚያም መስበር ማለት ነው። በሒሳብ ክፍልፋይን የምንጠራበት «ፍራክሽን»፣ ተሰባሪ ዕቃ ላይ የሚጻፈው «ፍራጃይል»ም የእሱ ዘመዶች ናቸው። ሁለቱም ግንዳቸው ጥንት አንድ ነበር ይላሉ ሊቃውንቱ። እኛ ሐኪሞች የላቲኑን የምንወደው የሩቅ ቃል ሆኖ ስለማያስደነግጥ ነው። አጥንቱ ግን ያው ተሰብሯል፣ ፀሐዬ።»

ዘር ማንዘሩ ሁሉ ተቆጥሮ አንድም ለስላሳ ዘመድ አልተገኘም።

ተመልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ቃሉን አልቀባባም።

«ጋሼ፣ እግርዎ ያኔ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሟ እንዳይረግጡ ብለውኝ ነበር፤ እኔ እንዳይደነግጡ ብዬ ደበቅኩዎት። አሁን ተጣሞ ገጥሟል። እንደገና መሰበር አለበት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጋሼ ዱባለ የጎበጠው እግራቸው ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «እኔ እኮ ከሚበጠስ ነገር ጋር ነው የኖርኩት። ክር ሲበጠስ እቀጥላለሁ። መበጠሱን ካላየሁ ግን እንዴት ልቀጥል?»

ፀሐዬ ሊነሣ ሲል እጁን ያዙት።

«ተናድጄብሃለሁ። ቢሆንም ስትሰብሩት አጠገቤ ሁን። የሚሉትን ሁሉ ሳታስቀር ንገረኝ።»

ነገራቸውም። መድኃኒቱ እስኪያስተኛቸው እጃቸውን ይዞ፣ ይህ መርፌ ነው፣ ይህ ያማል፣ ይህ ሊሳካም ላይሳካም ይችላል እያለ አንድም ሳያስቀር ተረጎመ። ከዚያ በኋላም በሳምንት በሳምንት ቤታቸው እየሄደ «እንዳይረግጡ!» ብሎ ይቆጣቸው ጀመር። ማሩ ሰውዬ ቁጡ ሆነ ብሎ ሰፈሩ ሳቀበት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዳመና የከበደበት ቀን፣ ጋሼ ዱባለ በከዘራ ብቻ ተደግፈው የክሊኒኳ በር ላይ ደረሱ። ብብታቸው ሥር በእጃቸው የሠሩት፣ በእግራቸው መርገጫውን የረገጡለት ጋቢ አለ። ፀሐዬ ላይ ደረቡት። እሱ መቀበሉ ከብዶት ተግደረደረ፤ እሳቸው ግን እንዳልሰማ ሆነው ትከሻው ላይ አስተካከሉለት።

«እግርዎስ ጋሼ?» አላቸው።

ያገር ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው ይላል፣ እያመመውም ቢሆን። ጋሼ ዱባለም አፋቸውን ለዚያ ከፍተው ነበር። ተዉት።

«እውነቱን ልንገርህ?» አሉ። «እንዲህ ሲደምን ያመኛል። በጣም ያመኛል። ግን ይረግጣል።»

ፀሐዬ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። እንዲህ ያለ ምርቃት በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም።