ውሃው በሽተኛ ሆኖ የተገኘበት ሳምንት

የእህቴ ባል ድመታችንን የከሰሳት ጥሬ ሥጋ እየበላ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ በግራው ሥጋውን ይዞ በቀኙ በቢላዋ እየቆረጠ፣ ዳጣ እያጠቀሰ፣

«ጥፋተኛዋ ይቺ ናት!» አለና በቢላዋው ጫፍ ጠቆማት።

ጥፋተኛዋ እግሩ ሥር ተቀምጣ ወደ ላይ ታየዋለች። እሱም እየከሰሳት አንድ ቁራጭ ጅማት ወረወረላት። (ይህችን ጅማት ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ አራተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ከባሏ ጋር የሚኖሩት በእኛው ግቢ፣ ፊት ለፊት ባለው ቤት ነው። ለእርግዝና ክትትል የሄደች ቀን ቶክሶፕላዝሞሲስ ለሚባል በሽታ ደም ሰጠች። አንደኛው ምርመራ ሰውነቷ በሽታውን የሚያመጣውን ተሕዋስ እንደሚያውቀው ተናገረ። ሁለተኛው፣ ትውውቁ አዲስ መሆን አለመሆኑን የሚናገረው፣ አዎም አይደለምም ሳይል መሃል ላይ ተገተረ።

ሐኪሟ «አሮጌ ከሆነ ብዙም አያሳስብም። አዲስ ከሆነ ግን ወደ ፅንሱ ሊያልፍ ስለሚችል መድኃኒት እንጀምራለን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግመን እናየዋለን» አሏት። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቋት፤ ድመት አላችሁ? ጥሬ ሥጋ ትበያለሽ? ሰላጣ በደንብ አጥበሽ ነው የምትበዪው?

እህቴ ሦስቱንም ጥያቄ ይዛ ቤት መጣች። ባሏ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

እህቴ ስትስቅ የጎረቤት ዶሮ የምታስደነግጥ ሴት ናት። በዚያ ሰሞን ግን ሳቋ ጠፋ። ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ ትቀመጣለች፤ ስናናግራት «እ?» ትላለች። እናቴ ለእንሰት ሥራ ዶርዜ ወጥታ ስለነበር ወጡን የምሠራው እኔ ነኝ፤ የሠራሁትን ወጥ እንኳ ሳትሰድበው ነው የምትተወው። እውነተኛው ፍርሃት የገባኝ ያኔ ነው።

የምርመራው ጠንሳሽ ደግሞ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነበር። ሰርቪስ ቤቱን የተከራየን የማስተርስ ተማሪ፣ ከጎጃም የመጣ፣ ሽሮ ሳያሳርር ውሎ የማያውቅ ሰው ነው። ጥናቱ በነፍሰ ጡር እናቶች ደም ውስጥ ይህንኑ ተሕዋስ መፈለግ ሲሆን እህቴም ወዳና ፈርማ ነው የገባችበት።

«አንተ ባትመረምራት ኖሮ እኮ ጤነኞች ነበርን!» አለው የእህቴ ባል።

«ጋሼ፣ ስላላየነው የለም ማለት አይደለም።»

«እሺ አሁን አይተኸዋል?»

«ገና ነኝ። እስካሁን ያየነው ዱካውን ነው፤ ዱካ ደግሞ የዛሬ አሥር ዓመትም ሊሆን ይችላል። እኔ የምፈልገው ራሱን ነው፤ ዲኤንኤውን። በደሟ ውስጥ ካለ ማሽኑ ያባዛዋል። ያሞቀዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ ለዓይን እስኪበቃ ድረስ።»

አባቴ ሸማኔ ነው፤ የዶርዜ ልጅ። እስከዚያ ድረስ ከሽመና ጉድጓዱ ሳይወጣ ዝም ብሎ መወርወሪያውን ይወረውር ነበር። አሁን እጁን አቆመ።

«ማሽኑ የማንን ጥለት እንደሚሸምን በምን ያውቃል?»

ተማሪው ዓይኑ በራ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከክፍል ጓደኞቹም የሰማ አይመስለኝም። «አጭር መነሻ ክር እሰጠዋለሁ አባባ። ከዚያ ተሕዋስ ጥለት ጋር ብቻ ነው የምትገጥመው። ጥለቱን ካገኘች ያንኑ ደጋግማ ትሸምናለች፤ ካላገኘች ዝም።»

«ጥሩ። ከትናንቱ ሥራ ብናኝ ቀርቶ ከሆነስ? እኔ ቀይ ጥለት ስሠራ ውዬ በማግሥቱ ነጭ ጋቢ ብጀምር፣ አንዷ ቀይ ክር ትገባና ጉድ ትሠራኛለች።»

«እኔ እኮ ጓንት አደርጋለሁ» አለ ተማሪው ፈገግ ብሎ። «ደግሞ በየዙሩ ምንም የሌለበት ንጹሕ ውሃ አብሬ አስገባለሁ። ተሕዋሱ ያለበት በፎቶ ላይ ይበራል፤ ደሙ ቢበራም ውሃው ጨለማ መሆን አለበት።»

አባቴ «ጓንት» አለና ወደ ሽመናው ተመለሰ።

የእህቴ ባል በማግሥቱ የማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። ድመቷን አባያ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ሊወስዳት ነው።

«ዓሣ እየበላች ትኖራለች። ይህ ስደት አይደለም፣ ሹመት ነው!»

«እዚያ አዞ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ የድመት ጠበቃ፣ ዞር በይ!»

አባቴ ከጉድጓዱ ሆኖ ፈረደ። የተማሪው ውጤት እስኪመጣ ድመቷ ሽመና ቤት ትታሰር፤ ኩሷን እኔ በጓንት ልጥረግ፤ እህቴ አትቅረብ። በደሟ ውስጥ ተሕዋሱ ከተገኘ ድመቷ ወደ አባያ።

«ካልተገኘስ?» አልኩ።

«ካልተገኘ ጥሬ ሥጋ ከዚህ ግቢ ይወጣል» አለ አባቴ።

የእህቴ ባል ሳቀ። «ይሁን! በሥጋዬ እምላለሁ!» ጨበጠውም። ሰው እንዴት በማያውቀው ሳይንስ ላይ ሥጋውን ያስይዛል?

ተማሪው ውጤቱን ለእህቴና ለሐኪሟ ብቻ እንደሚናገር ነግሮን ነበር። እህቴ ግን «ለሁሉም ንገራቸው፤ አለበለዚያ በር ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ያድራሉ» አለችው። በሳምንቱ ሲመጣ ታዲያ ሁላችንም በረንዳው ላይ ተደርድረን ነበር። ፊቱ ያረረ ሽሮ መስሏል።

«በራ» አለ።

እህቴ ሆዷን ያዘች። ባሏ ብድግ አለ፤ ከረጢቱ ከኪሱ ብቅ ሲል አየሁት።

«ምኑ ነው የበራው?» አለ አባቴ።

«ሁሉም። ጥናቱ ውስጥ ያሉት የሃያዎቹም እናቶች ናሙና ቦግ አለ። ውሃውም ጭምር።» ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳየን። ጥቁር ላይ ነጫጭ መስመሮች፣ ልክ እንደ ጥለት፣ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ይበራሉ። መጨረሻ ላይ ያለው ውሃው ነው፤ እሱም እንደ ሙሽራ ያበራል።

«ውሃውም?» አለ የእህቴ ባል በሹክሹክታ። «የከተማው ውሃ? እኔ እኮ ብያለሁ! ይቺ ድመት ምንጩን በክላለች!»

«አርባውንም ምንጭ?» አልኩ። «አንዲት ድመት? በአንድ ክረምት?»

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ መጀመሪያ ለቅሶ መስሎኝ ነበር። እህቴ ናት፤ እየሳቀች። ከሁለት ሳምንት በኋላ! ጎረቤት ያለችው ዶሮ ጮኸች። ባሏ ግን አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ አምቦ ውሃ ብቻ ይጠጣ ጀመር፤ ሊታጠብ ሲል እንኳ ያመነታ ነበር፤ ሰፈር ውስጥም ሦስት ቤት ውሃ ማፍላት ጀመረ።

«ውጤቱ ዋጋ የለውም» አለ ተማሪው እዚያው በረንዳው ላይ፤ እንባ ቀርቦት። «ውሃው ከበራ ማንንም ታማለች ማለት አልችልም፤ ጤነኛ ናት ማለትም አልችልም።»

«ቀይ ክር» አለ አባቴ።

ከዚያ ያደረገውን ሳስታውስ እስከዛሬ ልቤ ሞቅ ይላል። ተማሪውን እጁን ይዞ ሽመና ቤት አስገባው። ቀይ ጥለት የሚሠራበትን ጥግና ነጭ የሚሠራበትን ጥግ አሳየው። መወርወሪያው ለየብቻ፣ መጥረጊያው ለየብቻ፣ ሌላው ቀርቶ የሚለብሰው ሸሚዝ ለየብቻ ነው። ከቀዩ ወደ ነጩ ታጥቦ ይሄዳል እንጂ በዚያው እጁ አይሻገርም። ድመቷ ከነጩ ጋቢ ላይ ሆና ሁለቱንም ታያቸው ነበር። (ነጩ ጋቢ ላይ መተኛቷ የአባቴን ትምህርት ትንሽ እንዳበላሸው አልክድም።)

«አንተ የት ነው የምትቀላቅለው? የተባዛውንስ የት ነው የምትከፍተው?»

ተማሪው አቀርቅሮ «አንድ ጠረጴዛ ላይ» አለ። «ፈሳሹንም የምቀዳው በአንድ ፒፔት።»

ሳምንቱን ሙሉ ዳግመኛ ሠራ። ክፍል ለየ፣ ጋዋን ለየ፣ አዲስ ውሃ፣ አዲስ የፒፔት ጫፍ፣ አዲስ ሁሉም ነገር። እህቴ ደግሞ እንደገና ዝም አለች። ሳቅ ለካ ፍርሃትን አያባርርም፤ ለትንሽ ጊዜ ውጭ ያስቆመዋል እንጂ። ሐኪሟ የቀጠሯት ቀንም ደረሰና ሁለተኛውን ደም ሰጠች።

ሁለቱም ውጤት በአንድ ቀን መጣ። ተማሪው ሮጦ ገባ፤ ጫማው እንኳ በትክክል አልታሰረም።

«ውሃው ጨለማ ነው!»

ለውሃ እንዲህ እልል ያለ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ቀስ ብሎ ለእህቴ ነገራት። እንዲበራ ሆን ብሎ ያስገባው ናሙና በርቷል፤ የእሷ አልበራም። «ግን ይሄ ብቻውን ፍርድ አይደለም። ተሕዋሱ በሰውነት እያለ ከደም ውስጥ ሊታጣም ይችላል። ሐኪምሽ ከራሳቸው ምርመራ ጋር አብረው ያነቡታል።» እሳቸውም አነበቡት፤ ከመጀመሪያው ደም ወዲህ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፣ ትውውቁ የቆየ ነው፣ ልጁ ላይ የሚያሰጋ ነገር አላዩም፣ ክትትሉን ግን አታቋርጪ አሏት። ከምን እንደያዛትና መቼ እንደያዛት ሲጠየቁ ግን ሳቁ። ከአፈር ይሁን ከሰላጣ፣ ከድመት ይሁን ከሥጋ፣ ማን ያውቃል?

«እንግዲህ ድመቷም ነፃ፣ ሥጋውም ነፃ!» አለ የእህቴ ባል ፈጠን ብሎ።

አሁን ነው ጅማቷን የምፈልጋት። ተማሪውን ዞር ብዬ «ለመሆኑ ድመት ራሷ ከየት ነው የሚይዛት?» አልኩት።

«ከአይጥ። ወይም ጥሬ ሥጋ ከሚሰጣት ሰው።»

ሁላችንም ወደ አንድ ሰው ዞርን። እሱ ደግሞ ወደ ቢላዋው አየ።

ለመስቀል በሬ ታረደ፤ ድርሻችንም መጣ። የእህቴ ባል እንደ ቃሉ ሥጋውን ራሱ ከትፎ፣ ራሱ ድስት ላይ ጥዶ፣ ማማሰያ ይዞ ቆመ። ድመቷ ከእግሩ ሥር። ሁለቱም ድስቱን ያዩታል፤ እንደዚያ ቀን ፊታቸው ተመሳስሎ አያውቅም።

«በቃ፣ በስሏል» አለ ገና ቀይ ሳለ።

እህቴ ሆዷ ያን ጊዜ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ሆኖ ነበር። ተንጠራርታ ወደ ድስቱ አየችና «ውሃው ጨለማ እስኪሆን ድረስ ነው!» አለችው። ሳቋ ከየት እንደወጣ እንጃ፤ ዶሮዋ ጮኸች፤ ልጇም ከውስጥ በእግሩ መታት። እሱም ቀይ የሆነውን ሁሉ ደግሞ አገላበጠ።