ሊማሊሞን ስንወርድ የጨመረው ቁጥር

ትናንት ልጄ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሠራ ፋኑ ድንገት ማጓራት ጀመረ። "አባዬ፣ ሊፈነዳ ነው እንዴ?" አለችኝ። አይፈነዳም አልኳት። ሐሳቤ ግን ቀኑን ሙሉ ሊማሊሞ ላይ ዋለ።

ያኔ ደባርቅ ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ገና ዓመቴ ነበር። እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ግርጌ፣ ዛሪማ ታስተምራለች። የተማሪዎቿን ውጤት የምታስገባበት ላፕቶፕ በየአሥር ደቂቃው እየጠፋ ቢያስመርራት ሁለት ጊዜ ወደ እኔ ይዛው ወጣች። ሁለቱንም ጊዜ ግማሽ ቀን ከፍቼ አየሁት፤ አንዴም አልጠፋም።

"ደህና ነው እኮ። አጠቃቀሙን አላወቅሽበት ይሆናል" አልኳት።

በሦስተኛው ስትመጣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ባልደረቦቿ ውጤት ላለማስረከብ ሰበብ ታበዛለች እያሉ ሊያሟት ጀምረዋል።

"ሌላው ይቅር፣ አንተ እንኳ እመነኝ!"

አፈርኩ። በማግስቱ አብሬያት ልወርድ ተነሣሁ።

ጥር ነው፤ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይዘልቃል። አውቶቡስ ውስጥ ከጥምቀት የተረፈ ዳቦ እየቆረስን፣ ላፕቶፑን ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ሁለት መጻሕፍት ላይ አስቀምጬ ፊልም ከፈትኩበት። የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ጭኜበት ነበር። ስልሳ ስምንት ይላል። ፋኑ በዝግታ ያንሾካሹካል።

የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ተጀመረ። ከጥቂት ኩርባ በኋላ ሰባ አንድ። ጃኬቴን ሳወልቅ ሰባ ስድስት። ፋኑም ድምፁን ከፍ አደረገ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ልቤ ዘለለ።

"እታለም! ይሄ ዕቃ እንደኛ ነው፤ ቆላ ሲወርድ ይሞቀዋል!"

ከጎናችን የነበሩ አንድ ቄስ ቆሎ መቆርጠማቸውን ትተው ምን እንደሆንን ጠየቁ። ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት ነሡኝ።

"አሁንስ ስንት ደረሰ?"

"ሰማንያ ሦስት፣ አባ።"

"ስንት አላችሁ?" ይላል ሾፌሩ ከፊት። የኋላ ወንበር ሰዎች ብድግ ብለው ያያሉ። ቁጥሩ ዘጠና ሲገባ አውቶቡሱ ሙሉ ባንድ ድምፅ "ዘጠና!" አለ።

ዛሪማ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ፋኑ እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ቁጥሩ መቶ ነካ፤ ስክሪኑ ድርግም አለ። ተሳፋሪው አጨበጨበ! እታለም ብቻ አላጨበጨበችም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች።

"አልዋሸሁም ማለት ነው" አለች።

ቤቷ ደርሰን የማሽላ እንጀራ ቀረበ። እኔ ግን መች አስችሎኝ፤ ካቻቢቴዬን አውጥቼ ፈታሁት። አየር መውጫውን አቧራ ተጋግሮ እንደ በርኖስ ጨርቅ ደፍኖታል። የደባርቅ ብርድ ጉድለቱን ሲሸፍንለት ኖሯል። በጥርስ ብሩሽ ጠረግኩት፣ ገጠምኩት፣ አበራሁት። ሰባ ሁለት። ጠበቅን። ሰባ አራት። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም። እታለም የመጀመሪያውን ተማሪ ውጤት አስገባች፣ ሁለተኛውን፣ ሠላሳኛውን፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቀና አላለችም።

ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል፤ የፈታሁትን ፋን ቁጥር አላውቀውም። "እዚህ ደህና ነው፣ እኔ ጋ ሲደርስ ነው የሚበላሸው" የሚለኝን ደንበኛ ግን አልከራከረውም፤ ቤቱ የት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። የዚያ ቀን ደስታ አሁንም ሳስበው ያስፈነጥዘኛል። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል፦ እህቴን ለማመን ቁጥር ማየት አልነበረብኝም።