ሳፋ ታቅፈን አሻንጉሊት ፍለጋ

ደብረ ብርሃን፣ ሳይነጋ

የደብረ ብርሃን ብርድ ዘመድ የለውም። መናኸሪያው በር ላይ ቆመን ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል። እኔ ጋቢ ደርቤያለሁ፤ መቅደስ ነጠላዋን ተከናንባ አንድ ቀይ የፕላስቲክ ሳፋ ታቅፋለች። ረዳቱ ሳፋውን አየና "እሱ ጣሪያ ላይ ይጫናል" አላት። መቅደስ ጭራሽ አጥብቃ ያዘችው።

"አብሮኝ ነው የሚሄደው" አለችው።

መቅደስ የታናሽ ወንድሜ ሚስት ናት፤ ቤታችን ከገባች ዓመት አልሞላትም። ባለፈው ሳምንት ለበዓል ቤት ስታጸዳ በሰፈራችን ልዋጭ አለፈ። አሮጌ ልብስ ሰጥታ ይህንን ሳፋ ልትቀበል ጠራችው። እሱም እንደ ልማዳቸው ልብሱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ "ትንሽ ጨምሪበት" አላት። ዞር ስትል የእናቴ ሳጥን ላይ ፀጉሯ ያለቀ አንዲት አሮጌ አሻንጉሊት አየች። ማን ይፈልጋታል ብላ ጨመረችለት።

ያቺ አሻንጉሊት የአባዬ ናት።

እማዬ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለ ነበር። ሳጥኑን አየች፣ መደቡ ላይ ቁጭ አለች፣ ከዚያ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰችም። ምግብ ሲቀርብላት "ቆይ፣ በኋላ" ትላለች። መቅደስ ደግሞ ጓዳ እየገባች ታለቅሳለች። ከትናንት ወዲያ ሻንጣዋን ስታዘገጃጅ ደረስኩባት። "እትዬ ሰብለ፣ እማማ ዓይኔን ማየት አልቻሉም፤ እናቴ ቤት ልሂድ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ለቅሶ ብዙ አይሆንልኝም። "እናትሽ ቤት ከመሄድሽ በፊት መርካቶ እንሂድ" አልኳትና ይኸው ወጣን።

ሸኖ

መኪናው ሸኖ ላይ ቆመ። ሴቶቹ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ በመስኮት ያሳዩናል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ወርጄ ሳልከራከር አልቀርም ነበር። ዛሬ በብርጭቆ ሻይ እጄን አሞቅኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ ሲያየን ቆይቶ አላስችል አለው።

"ሳፋ ልትሸጡ ነው ወይስ ልትገዙ?"

"ልንመልስ" አለች መቅደስ።

"አሻንጉሊት ፍለጋ ነው" አልኩት እኔ።

"ለልጅ ነው?"

"ለእናቴ።"

ሹፌሩ እስከ አለልቱ ድረስ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

እንግዲህ የኔን አመል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ድሮ የተሠሩ አሻንጉሊቶችን እሰበስባለሁ። ሁሉንም አይደለም፤ ፀጉራቸው ጉድ ያለበትን ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ፀጉሯ ወደ ሮዝ የሚለወጥ አለችኝ። ሦስት ዓይነት ዊግ እየቀያየረች የምታጠልቅም አለችኝ። ጎረቤቶቼ "ሰብለ አበደች" ይላሉ፣ ከዚያ ልጆቻቸውን ይዘው ሊያሳዩ ይመጣሉ። የዚህ ሁሉ መነሻ ግን ያቺ የእማዬ ሳጥን ላይ የነበረችው ናት። እሷን ሳላገኝ ሌላውን ሁሉ ሰበሰብኩ፤ እማዬ አልሰጥም ስላለች።

አባዬ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አሻንጉሊቷን ያመጣልኝ ከአሰብ ነው። ሆዷን ጫን አድርገው አናቷ ላይ ያለውን የፀጉር ጉንጉን ሲስቡት እየረዘመ ወገቧ ይደርሳል። ጀርባዋ ላይ ያለችውን ቀለበት ሲያዞሩ ደግሞ ተመልሶ ይገባል። አባዬ ለጉዞ ሲነሳ ፀጉሯን ያሳጥረውና "ስመጣ አሳድገዋለሁ" ይለኛል። ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መጀመሪያ እሷን ይጠይቃል። እኔ አባቴ መጣ ብዬ የማምነው ፀጉሯ ወገቧ ሲደርስ ነበር። ወንድሜ ይህን አያውቅም፤ ያኔ ጡት ይጠባ ነበር። ወንድሜ ያላወቀውን ሚስቱ ከየት ታውቀዋለች?

አንድ ቀን አባዬ አሳጥሮት ሄደ፣ መንገድ ላይ ቀረ። ከለቅሶው በኋላ አሻንጉሊቷን አንስቼ ፀጉሯን ልስብ ስል እማዬ ከእጄ ነጠቀችኝ። "ተበላሽቷል፣ አትንኪው" አለችኝ። ተበላሽቷል ብዬ አመንኩ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው የማውቀው።

ከላምበረት ወደ ሲኒማ ራስ

ላምበረት ወርደን ታክሲ ለወጥን። የታክሲው ረዳት ሳፋው ወንበር ስለያዘ ሒሳብ ይከፈልበት አለ። ተከራከርኩት። ሳፋውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጋቢዬን ሳፋው ውስጥ ከትቼ፣ ፊቴ ሳይታይ መገናኛን አለፍኩ። መቅደስ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ልብ ብዬ አየኋት፣ ሳቋ ያምራል።

ልዋጩን አስቀድመን በስልክ አግኝተነዋል። ከደብረ ብርሃን የለቀመውን ሁሉ ምናለሽ ተራ ጋሼ ሸምሱ ለሚባሉ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ እንዳስረከበ ነግሮናል። ሲኒማ ራስ ወርደን መንገድ ስንጠይቅ ሁሉም በየአቅጣጫው ይጠቁመናል። መርካቶ መንገድ ጠይቀህ የማያሳይህ ሰው የለም፤ ያወቀውም ያላወቀውም ያሳይሃል። እንዲህ ነው ዱባይ ተራ መሐል ገብተን የተገኘነው።

እዚያ የሌለ የለም። ጫማ ከጫማ ላይ፣ ስልክ ከስልክ ላይ፣ ተሸካሚው ከኋላ "መንገድ፣ መንገድ" ይላል። በየሱቁ በር አዲስ አሻንጉሊቶች በላስቲክ ተጠቅልለው ተሰቅለዋል፤ ፀጉራቸው እግራቸው ድረስ ነው። አንዱ ልጅ "እትዬ፣ ይቺ ትዘፍናለች፣ ያቺ ታለቅሳለች" አለኝ። የሚያለቅስስ ቤታችን ሞልቷል አልኩት።

መቅደስ አንዷን ቆማ አየቻት። "እትዬ፣ ባናገኛትስ? ከነዚህ አንዷን ወስደን ብንሰጣቸውስ?"

"መቅደስ፣ ባልሽ ቢጠፋ ሌላ ወንድ ላምጣልሽ?"

ትንሽ ከፋኝ፤ ምላሴ ከልቤ ይቀድማል። እጇን ያዝኩና ወደ ምናለሽ ተራ ጎተትኳት። መንገዱን ሙሉ "ሳፋው ስንት ነው?" የሚል አላጣንም።

ምናለሽ ተራ

ምናለሽ ተራ የተጣለ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት ነው። መዶሻው ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ ቆሻሻ የመሰለህ ክምር ባለቤት አለው፣ ዋጋም አለው። ጋሼ ሸምሱ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ጺማቸው በሂና የቀላ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። የአሮጌ ጫማ ክምር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ነገሩን አስረዳኋቸው።

"ከደብረ ብርሃን የመጣችው፣ አናቷ ላይ ብቻ ቁንጮ የምታህል ፀጉር ያላት?"

"አዎ፣ እሷ ናት።"

"ፀጉር ቤት ሄዳለች።"

ምላሴ እንደገና ቀደመችኝ። "ጋሼ፣ ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ ነን፣ አይቀልዱብን።"

"ምን ቀልድ አለው የኔ እመቤት። መላጣ አሻንጉሊት ማን ይገዛኛል? ተክለ ሃይማኖት ጋ ሰናይት የምትባል ፀጉር ሠሪ አለች። አሮጌውን ከሥሩ ትቆርጥና ከሹሩባ የተረፈ ዊግ ትሰፋላቸዋለች። ከእሷ ቤት ሙሽራ መስለው ነው የሚወጡት።"

ከሥሩ ሲሉ "ኧረ እንዳትቆርጠው!" አልኩ። የዚያች አሻንጉሊት ፀጉር ከላይ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሏል። ጫፉ ከተቆረጠ የቀረው ወደ ውስጥ ሾልኮ ይገባል፣ ያኔ ካልተሰበረች በቀር አይወጣም። ተበላሽቶም ቢሆን አባዬ በእጁ ያሳጠረው ፀጉር ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ሸምሱ ስልካቸውን አወጡና ለሰናይት ደወሉላት። ጠራ። ደግመው ደወሉ፤ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም።

"ሥራ ላይ ስትሆን አታነሳም" አሉ።

መቅደስ ሳፋውን ወደ ፊት ገፋችው። "አባባ፣ ይኸው፣ ሳፋውን ይውሰዱት፣ አንድ ቀን እንኳ አልታጠበበትም።"

"ልጄ፣ እኔ ሳፋ አልሰጠሁሽም። ልዋጭ ደግሞ አንዴ ከተለወጠ አይመለስም፤ ያንቺ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። ለአሻንጉሊቷ ለልዋጩ የከፈሉትን ያህል ብቻ ተቀበሉኝ። "የእናት ነገር ነው ካላችሁ በእናት አይተረፍም። ይልቅ ሩጡ" አሉን።

ተክለ ሃይማኖት

ሮጥን። በኔ ዕድሜና በኔ ውፍረት መርካቶ ውስጥ መሮጥ ምን እንደሚመስል ለጠላቴ አልመኝም። መቅደስ ሳፋውን እንደ ጋሻ ከፊት ይዛ ሰው ትከፍላለች፣ እኔ ከኋላዋ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያልኩ እከተላለሁ። በልቤ መቀስ ብቻ ነው የሚታየኝ። ለተክልዬ ተሳልኩ፤ ምን ብዬ እንደተሳልኩ ይቅር፣ ስለቱ ትንሽ በዝቷል።

ፀጉር ቤቱን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገንም። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። አንዲት ሴት ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ ደጅ ቆማ ታማትባለች። መቀስ የያዘች ወጣት ግድግዳ ተደግፋ ትንቀጠቀጣለች። ውስጥ ማንም የለም። ወንበሩ ላይ አሻንጉሊቷ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ስልክ ይጠራል። ጋሼ ሸምሱ አሁንም እየደወሉ ነው።

"ሰናይት ማን ናት?" አልኩ ትንፋሼ ተቆራርጦ።

"እኔ ነኝ" አለች መቀስ የያዘችው። "አትግቢ እትዬ። ጠበል የሚያመጣ ሰው ልከናል።"

"ቆረጥሽው?"

"የቱን? እትዬ፣ ልቆርጥ በግራ እጄ ሆዷን ይዤ፣ ፀጉሩን ከሥሩ ላገኝ ሳብ ሳደርገው... አደገ።"

"ምን አልሽኝ?"

"ፀጉሯ አደገ፣ በዓይኔ እያየሁት። በሳብኩት ቁጥር ይመጣል።"

ባለ ግማሽ ሹሩባዋ ሴት "እኔም አይቻለሁ፣ ሐሰት ከተናገርኩ" ብላ መሰከረች።

ገባሁ። ፀጉሯ ከአናቷ ተነስቶ ትከሻዋን አልፎ ወርዷል፤ ቡናማ፣ ለስላሳ፣ አንድም አልጎደለም። ለካ አልተበላሸም ነበር። አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ዘጭ አልኩና መሳቅ ጀመርኩ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። እፎይ እንደማለት ያለ ነገር የለም፤ ከጫንቃዬ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ነው። መቅደስ ሳፋውን ወለሉ ላይ ጥላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ከዚያ ሁሉንም ጠርቼ አሳየኋቸው። ሆዷን ጫን፣ ሳብ፣ ወገቧ ደረሰ። ቀለበቷን ግን አላዞርኩም፤ መልሼ ላሳጥረው እጄ እምቢ አለኝ። ሰናይት ከበሩ አንድ እግሯን ብቻ አስገብታ አየች። ስትረጋጋ መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።

"እንዲህ ያለ ሆድ ደንበኞቼ ቢኖራቸው እኔ ምን እበላ ነበር?" አለች። ጠበሉ ሲደርስ ሁላችንም ተረጨን፤ መጥቶ እንዴት ይመለሳል? አሻንጉሊቷን ግን በመቅደስ ነጠላ ሸፈንኳት፤ ውስጧ ያለው ብረት እንዳይዝግ።

መልስ

ወደ ቤት ስንመለስ መቅደስ ገና ሰንዳፋ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ሳፋው ጭኗ ላይ ነው፣ አሻንጉሊቷ በነጠላ ተጠቅልላ ሳፋው ውስጥ ተኝታለች። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። አሻንጉሊቷ ካልተበላሸች እማዬ ለምን ተበላሽቷል አለችኝ?

ቤት ስንገባ እማዬ እዚያው መደቡ ላይ ናት። መቅደስ በር ላይ ቀረች። እኔ ሳፋውን እማዬ ፊት አስቀመጥኩና ነጠላውን ገለጥኩት። ረጅሙን ፀጉር ስታይ እጇ አየር ላይ ቆመ።

"ማነው የሳበው?" አለች በቀስታ።

"አንዲት ፀጉር ሠሪ፣ ሳታውቅ ነው። እማዬ፣ ተበላሽቷል ብለሽኝ አልነበር?"

ዓይኗን ከፀጉሩ ሳታነሳ መለሰችልኝ። "አልተበላሸም። ሲሄድ እሱ ነው ያሳጠረው፤ ሲመጣ እሱ ያሳድገው ብዬ ነው። አንቺ ከሳብሽው አለመምጣቱ እርግጥ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ እየቆየ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?"

መቅደስ ከበሩ ሆና "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አላወቅኩም" አለች።

እማዬ ቀና ብላ አየቻት። "ነይ እስቲ ወዲህ" አለቻት። "አንድ ሰው ሳያውቅ መሳብ ነበረበት። እኛ የምናውቀውማ አልቻልንም።" ፀጉሩን በጣቷ ዳበሰችው። "እዩት እንዴት አቧራ እንደጠጣ። ለብ ያለ ውኃ አምጪ።"

መቅደስ በማንቆርቆሪያ ታፈሳለች፣ እማዬ በቀዩ ሳፋ ላይ ፀጉሩን ብቻ ዝቅ አድርጋ ታጥበዋለች፤ ውኃው ጠቆረ፣ እንደገና ተቀየረ። እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ። አንዳችንም አላለቀስንም፤ አልቅሰን ጨርሰናል መሰለኝ።

ስትጨርስ አሻንጉሊቷን ፀጉሯ እንደተለቀቀ ለእኔ ሰጠችኝ። "ከነዚያ ጓደኞቿ ጋር አስቀምጫት" አለችኝ። ከዚያ እጇን አደራርቃ ወደ መቅደስ ዞረች።

"ምን ሠርታችኋል? ርቦኛል።"